ሥራው ከስልጠናው ሲቀድም፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጉዳይ

ከዓመታት በፊት ለዘመድ ሠርግ ሰሜን ሸዋ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄጄ ነበር። ድግሱ ጥሩ ነበር፤ ውሃው ግን አልተስማማኝም። በማግስቱ ጠዋት ሆዴን ይዤ ስገላበጥ አክስቴ አየችኝና "በሉ ወደ ኤክስቴንሽኗ ውሰዱት" አለች።

ጤና ኬላዋ ቆርቆሮ የለበሰች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳለ የቀበሌው ካርታ ተለጥፏል። ወንዙ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እያንዳንዱ ቤት በቁጥር። ከካርታው ሥር የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ የየቤተሰቡ ማኅደር በየጎጡ ተከፍሎ ተደርድሮበታል። ባለሙያዋ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ኦአርኤሱን በጥብጣ ሰጠችኝ። ስሜን ልትጽፍ እስክሪብቶ አነሳችና ሳቀች። "አንተ እኮ እዚህ ማኅደር የለህም። በአክስትህ ቤት ልጻፍህ?"

ጭልጥ አድርጌ እስክጨርስ ወሬ ጀመርን። ዞኑ ከተማ በሚገኝ ቴክኒክና ሙያ ተቋም አንድ ዓመት ተምራ ነው የመጣችው። አብራት 10ኛ ክፍልን የጨረሰች የልብ ጓደኛዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ሴክሬታሪያል ሳይንስ ገብታ ነበር። አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ድስት ጥደው፣ በአንድ በር ይገቡ ነበር። ጓደኛዋ በትምህርት ትበልጣት እንደነበር ራሷ ናት የነገረችኝ።

"አሁን የት ናት?"

"ቤት ናት። አግብታለች። ሥራ አላገኘችም።"

"ልዩነታችሁ ምን ነበር ታዲያ?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "እኔ ስገባ የምመለስበት ይታወቅ ነበር።"

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ስለ ቴክኒክና ሙያ ቅንጅት የተጻፈ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ትመጣብኛለች። አንድ ግቢ፣ አንድ መሥፈርት፣ ግን ሁለት ዕጣ። ለምን? ለዚህ ነው የጤና ኤክስቴንሽንን ጉዳይ እንደ ጤና ታሪክ ሳይሆን እንደ ስልጠና ታሪክ ማየት የፈለግኩት።

ሂሳቡ

መነሻው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው የጤና ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1990 ዓ.ም. ተጀመረ። ሥራው ሲገመገም የጤና አገልግሎቱ አብዛኛው ሕዝብ ወደሚኖርበት ገጠር በሚገባ እንዳልደረሰ ታየ። ነርስ ገጠር ብትመድብ አትቆይም። በደርግ ጊዜ የተሞከረው የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎች አሠራር ደግሞ ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም። ያለ ደመወዝ ስንት ዓመት ቤት ለቤት ይዞራል?

በሁለተኛው ፕሮግራም፣ በ1995 አካባቢ፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይመደቡ። ከዚያው አካባቢ የተገኙ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ። አንዷ ኬላውን ስትጠብቅ ሌላዋ ቤት ለቤት ትሂድ። ደመወዛቸውን መንግሥት ይክፈል።

ሂሳቡ ወረቀት አይፈጅም። ቀበሌው 15 ሺህ ገደማ ነው። ሁለት ሁለት ሲሆን 30 ሺህ። ማለትም ገና አንዲት ሰልጣኝ ደብተር ሳትገዛ የሚፈለገው ቁጥር ታውቋል፣ ቦታው ታውቋል፣ ከፋዩም ታውቋል። በአገራችን የስልጠና ታሪክ እነዚህ ሦስቱ አብረው የተገኙበት ጊዜ ብዙ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከሕንፃው ነው። ሕንፃው ይሠራል፣ መምህር ይቀጠራል፣ ልጆች ይገባሉ፤ የሥራው ነገር ሲመረቁ ይታያል ይባላል።

ግን 30 ሺህ ሰው የት ይሰልጥን? የጤናው ዘርፍ የራሱ ትምህርት ቤቶች ይህን ሁሉ መሸከም አይችሉም። ዕድል ሆኖ በሌላኛው መሥሪያ ቤት ተቃራኒው ችግር ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ1993 ተጀምሯል። መሰናዶ የማይገቡት በየዓመቱ በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ። ለእነሱ ተብሎ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በየክልሉ እየተከፈቱ ነው። ያኔ "ቴን ፕላስ ዋን"፣ "ቴን ፕላስ ቱ" የምንለው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ክፍልና ተማሪ አለው፤ ሥራ የለውም። ጤና ጥበቃ ሥራ አለው፤ ክፍል የለውም።

ተገናኙ።

ማን ምን ያዘ

ቅንጅት የሚባለውን ቃል ስብሰባ አርጅቶበታል። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ከላይ ካለው ይልቅ ከታች ያለው ይበልጥ ይታያል። መልማዩ አንድ ሰው አልነበረም። የቀበሌው ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱና የአቅም ግንባታ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ኮሚቴ ላይ ተቀመጡ። ለወጣት አንባቢ፦ ያኔ አቅም ግንባታ የሚባል ሚኒስቴር ነበር። በ1994 ተቋቁሞ አቶ ተፈራ ዋልዋ መርተውታል፤ ወረዳ ድረስ እጅ ነበረው።

ስልጠናው የሚካሄደው በትምህርት ሥር ባሉት ተቋማት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱንና የማስተማሪያ ጽሑፉን ያዘጋጀው ግን በዋናነት የጤናው ወገን ነው። የተግባር ልምምዱ ጤና ጣቢያና መንደር ውስጥ ነው። ሲመረቁ የሚቀጥራቸው ክልሉና ወረዳው ነው። ኬላውን የሚሠራው ወረዳው ከሕዝቡ ጋር ነው፤ ድንጋይና ጉልበት ያዋጣ ብዙ ቀበሌ አለ። ክትባቱና መድኃኒቱ ከፌዴራል በኩል፣ ብዙ ጊዜም በውጭ ዕርዳታ ይመጣል።

ስድስት ሰባት እጅ ነው እንግዲህ። በወረቀት ላይ ይህን ያህል እጅ ያለበት ነገር መውደቅ ነበረበት። ያልወደቀበት ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ሁሉም እጅ የያዘው አንድ ነገር ስለነበር ነው፦ የቀበሌዋ ስም። ኮሚቴው "ጎበዝ ልጅ" አይደለም የሚፈልገው፤ "የዚህ ቀበሌ ልጅ" ነው። ተቋሙ "ስንት እናስገባ" ብሎ አይገምትም፤ ዝርዝሩ ይመጣለታል። ወረዳው በጀት ሲይዝ በስሟ ይይዛል። ልጅቷ ብትጠፋ ወዲያው ይታወቃል፤ ጎደለ የሚባል ወንበር አለና።

በ1997 ከ2,700 የሚበልጡ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ወጡ። በ1998 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ጤና ጥበቃን ሲይዙ ነገሩ ፍጥነት ጨመረ። በ2001 እና 2002 አካባቢ ቁጥሩ 30 ሺህን አለፈ። በአምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው።

እነዚህ ልጆች ይዘው የወጡት 16 ፓኬጆችን ነበር። የመጸዳጃ ቤት፣ የውሃና የምግብ ንጽህና፣ ወባ፣ ኤችአይቪ፣ ቲቢ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ ክትባት፣ የተመጣጠነ ምግብ፣ እያለ ይቀጥላል። "ሞዴል ቤተሰብ" የሚባለው አሠራር ደግሞ ለብቻው ይነገራል። አንድ ቤተሰብ 96 ሰዓት ይሰለጥናል፤ የተማረውን ቤቱ ውስጥ ካሳየ ይመረቃል። አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከአጎቴ የወታደርነት ፎቶ አጠገብ፣ የሞዴል ቤተሰብ ሰርተፍኬት በፍሬም ተሰቅሏል። አጎቴ ስለ ሰርተፍኬቱ ሲጠየቅ "ሽንት ቤት የቆፈርኩበት ዲግሪዬ ነው" ይላል።

ውጤቱን በአንድ ምልክት ብቻ ላሳይ። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 6 በመቶ ነበሩ። በ1997 14፣ በ2003 27፣ በ2008 35 በመቶ ደረሱ። ሁሉንም የእነሱ ሥራ ነው ብል ውሸት ይሆናል። መንገድ ገብቷል፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ሬዲዮው ሲለፈልፍ ከርሟል። ግን መርፌውን ይዛ በር ያንኳኳችው እሷ ናት።

የላላው ክር

እዚህ ላይ ጨርሼ ብወጣ ጥሩ የመንግሥት ሪፖርት ይሆን ነበር። ጉዳዩ የሚጥመው ግን ከዚህ ወዲያ ነው።

መጀመሪያ የታየው ቀዳዳ የተግባር ልምምዱ ነበር። አንድ ዓመት ለ16 ፓኬጅ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩን ለመሙላት ሩጫ አለ። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ መጽሐፍ ይጎድላል፣ ወደ ገጠር የሚወስድ መኪና አይገኝም። በተለይ ማዋለድ። ንጹህ ወሊድ በፓኬጁ ውስጥ ነበር። ግን ብዙዎቹ በልምምድ ላይ ያዩት ወሊድ በጣም ጥቂት ነው። ማን ያሳያቸው? ተቋሙ አዋላጅ ክፍል የለውም። ጤና ጣቢያው የራሱ ሥራ አለበት፤ ተማሪዎቹ ደግሞ የእሱ አይደሉም። እናቶቹም ሞኞች አይደሉም። የሃያ ዓመት ልጅ አዋልዳችኋለሁ ስትላቸው ወደ ልምድ አዋላጇ ዞር አሉ። በኋላ አቅጣጫው ተለወጠ። ባለሙያዋ ቤት ውስጥ እንድታዋልድ ሳይሆን እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልክ ተባለ።

አስተውሉ፦ በስም የተያዘ ነገር ሁሉ ተሠርቷል። የቀበሌዋ ስም ባለቤት ነበረው፣ ደመወዙ ባለቤት ነበረው። የልምምዱ ጥራት ግን ሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ወድቆ ባለቤት አጣ።

ሁለተኛው ነገር ሥራው ከስልጠናው በልጦ ማደጉ ነው። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ሲያገኙ ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ ውጭ አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ አልተፈቀደላቸውም ነበር። በ2002 ተፈቀደ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያም እንዲሰጡ ተደረገ። ሁለቱም ሕይወት የሚያተርፉ ውሳኔዎች ናቸው። ግን እያንዳንዱ አዲስ ሥራ አጭር ስልጠና ይዞ ይመጣል፤ ሰርተፍኬቷ ላይ ያለው ደረጃ ደግሞ ባለበት ይቀራል። የአምስት ቀን ስልጠና አምስት ጊዜ ወስዳ አሁንም ያው የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት ናት።

በዚህ መካከል የቴክኒክና ሙያው ቤት ራሱ ተቀየረ። በነሐሴ 2000 አዲስ ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጣ። ከዚያ ወዲህ "ስንት ዓመት ተማርክ" ሳይሆን "ምን መሥራት ትችላለህ" ነው ጥያቄው ተባለ። የሙያ ደረጃ ወጣ፣ ከ1 እስከ 5 እርከን ተቀመጠ፣ የብቃት ምዘና መጣ። ሕዝቡ በአጭሩ "ሲኦሲ" ይለዋል፤ ስሙ ሲነሳ ሆድ የሚባባበት ምሩቅ ብዙ ነው። በ2003 ደግሞ የፌዴራል ቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ስልጠና ኤጀንሲ ተቋቋመ።

ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ግን ቀበሌ ውስጥ ለተቀመጠችው ባለሙያ ትርጉሙ ምንድን ነው? ወደ ደረጃ 4 ለማደግ ተጨማሪ ዓመት መማር አለባት። ጥሩ፣ ትማር። እሷ ስትሄድ ካርታውንና መደርደሪያውን ማን ይጠብቃል? ሁለት ከነበሩት አንዷ ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ ምዘናው አለ። ካለፈች ደመወዙ እንዲስተካከል ሌላ መሥሪያ ቤት መፈረም አለበት። ደረጃውን የሚያወጣው አንድ፣ የሚያስተምረው አንድ፣ የሚመዝነው አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ።

የዝውውሩም ነገር አለ። "የዚህ ቀበሌ ልጅ" ተብላ ተመልምላለች። ይህ የፕሮግራሙ ጥንካሬ ነበር። ስታገባ፣ ልጅ ስትወልድ፣ ባሏ ከተማ ሲገባ፣ ያው ጥንካሬ እግር ብረት ይሆንባታል። በዚያ ላይ ወረዳው አንድ የተማረ ሰው ቀበሌ ውስጥ እንዳለ ካወቀ አይተዋትም፤ ስብሰባውም፣ ምዝገባውም፣ ዘመቻውም እሷ ላይ ነው።

ታፔላው ሲቀያየር

ከላይ ያለው ሕንፃ ደግሞ አላረፈም። ቴክኒክና ሙያ ለረጅም ጊዜ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ቆየ። በ2011 ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሲቋቋም ወደዚያ ሄደ። በ2014 ያ ሚኒስቴር ፈረሰና ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተወለደ፤ ሥራ ፈጠራውን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳዩንና ቴክኒክና ሙያውን አንድ ላይ ያዘ። በሦስት ዓመት ሦስት ታፔላ።

የመጨረሻውን ውሳኔ በመርህ ደረጃ እወደዋለሁ። ሥራና ስልጠና አንድ ጣሪያ ሥር መግባታቸው ከጤና ኤክስቴንሽን የምንማረው ነገር ነው። ችግሩ በሩ ሌላ ቤት ቀረ። ከ2012 ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ለትምህርት ቤቱ ጥሩ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ግን ለሃያ ዓመት ያህል የቴክኒክና ሙያ ተማሪን የሚያወጣው ያ ፈተና ነበር። በሩን የያዘው ትምህርት ሚኒስቴር፣ ክፍሉን የያዘው ሌላ።

ከዚያ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰጠው፣ ውጤቱ ሲነገር 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ከ96 በመቶ በላይ የሚሆነው ወጣት በአንድ ቀን ወደ ቴክኒክና ሙያው ደጃፍ ዞረ ማለት ነው፤ ያውም ሁለት ዓመት አርጅቶ፣ ልቡ ተሰብሮ። ግማሹ ደግሞ "ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይደርሰኝ ይሆን" ብሎ ይጠብቃል። ማንም ከ15 ሺህ ቀበሌ የተነሳ ዝርዝር አልያዘለትም።

እዚህ ላይ አንባቢ "ታዲያ ሁሉንም እንደ ጤና ኤክስቴንሽን ማድረግ ነዋ" ሊለኝ ይችላል። አይሆንም። ጤና ኤክስቴንሽን የሠራው ቀጣሪው መንግሥት ስለሆነ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኞቹም እንዲሁ፤ በየቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ሦስት ሰው ተብሎ ተቆጥሮ የግብርና ኮሌጆች በአሥር ሺዎች አሰለጠኑ። መካኒክን ግን እንዲህ መቁጠር አይቻልም። ጋራዡ የግለሰብ ነው።

የእህቴ ልጅ አውቶ መካኒክ ይማር ነበር። በትብብር ስልጠናው አሠራር 70 በመቶው ተግባር ነው፤ ሰፊው ድርሻ ድርጅት ውስጥ መሆን አለበት። ተቋሙ ደብዳቤ ጽፎ አንድ ጋራዥ ላከው። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ምሳም ይጋብዘዋል። ግን ለሁለት ወር መኪና አጠበ። ሞተር ሲፈታ ባትሪ ይዞ ያበራል። ቅጹ ሲመጣ ባለቤቱ ሁሉንም ሳጥን "በጣም ጥሩ" ሞላለትና ማኅተም መታ። ልጁን ገረመው። "ጋሼ፣ ፍሬን ሲስተም እኮ አልነካሁም።" ሰውየው ሳቁበት። "አንተም ታልፋለህ፣ እኔም እገላገላለሁ።" እሳቸው ላይ አልፈርድም። ሊቀጥሩት አላሰቡም፤ አዲስ ልጅ ሞተር ቢያበላሽባቸው የሚከፍላቸው የለም። ሥራው ከስልጠናው ባልቀደመበት ቦታ ቅጹ ብቻ ይቀድማል።

መንግሥት ቀጣሪ ባይሆንም ገዢ የሆነባቸው ቦታዎች ላይ ነገሩ በከፊል ሠርቷል። የኮንዶሚኒየም ግንባታና የኮብልስቶን ሥራ ወጣቱን ያስተማሩት በክፍል ብቻ አልነበረም። ብሎኬቱንም ድንጋዩንም የሚገዛ ስላለ ተማሩት። ግዢው ሲቀዘቅዝ ማኅበራቱም ቀዘቀዙ፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽኑን በተመለከተ ከ2012 እስከ 2027 የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታ ወጥቷል። ኬላዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ሳይሆኑ አንዳንዶቹ ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡ፣ አንዳንዶቹ ከጤና ጣቢያ ጋር እንዲዋሃዱ ያስባል። ከበር በር መዞር ወደ ሕክምና የሚያዘነብል ከሆነ የባለሙያዋ ስልጠናም አብሮ መከለስ አለበት፤ አሁን ደግሞ የሙያ ደረጃው ባለቤት ሌላ ሚኒስቴር ነው።

ያቺ የሰሜን ሸዋዋ ልጅ ባለፈው አክስቴ ዘንድ ስደውል ስልኩን ተቀብላ አነጋገረችኝ። ደረጃ 4ን ጨርሳለች። ሲኦሲውን መጀመሪያ ወድቃ በሁለተኛው አልፋለች። ደስ ብሎኝ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ደመወዙስ?" አልኳት።

"ደብዳቤው ወረዳ ነው ይሉኛል። ወረዳ ስሄድ ዞን ነው ይላሉ።"

"ዞንስ?"

"ዞን ለመሄድ ኬላውን መዝጋት አለብኝ። የሥራ ጓደኛዬ ለደረጃ 4 ሄዳለች።"